ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች የሚሰጥ የመርፌ ሕክምና

በሳል፣ በሳቅ ወይም ሸክም በማንሣት ጊዜ ሆድ ሲጫን ያለ ፈቃድ የሚያመልጥ ሽንትን ለመግታት፣ ከፊኛ አንገት ዝቅ ብሎ በሽንት መውጫ ቧንቧ የውስጥ ሽፋን ሥር መሙያ ንጥረ ነገር በመርፌ የሚጨመርበት ሕክምና ነው። መሙያው ግድግዳውን ወደ ውስጥ ስለሚያሳብጠው የላላው ቧንቧ ይጠብባል። ሥራው በመመልከቻ መሣሪያ እየታየ ብዙ ጊዜ በከፊል ማደንዘዣ ስለሚከናወን ከቀዶ ሕክምና ይቀላል፤ ፈውሱ ግን ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም፣ መድገምም ሊያስፈልግ ይችላል። ቀድሞ የተለመደው የከብት ኮላጅን የአለርጂ ምርመራ ያስፈልገው ነበር፤ ዛሬ የታወቀው ቡልካሚድ የተባለው መሙያ 97.5 በመቶው ውሃ፣ ቀሪው ፖሊአክሪላማይድ ነው።

የፊስቱላ (በምጥ ጉዳት ከፊኛ ወደ ብልት የሚከፈት ቀዳዳ) ቀዶ ሕክምና በሚሰጥባቸው እንደ ጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታልና በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ እንደ ተመሠረተው የሐምሊን ሆስፒታል ባሉ ተቋማት ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው፤ የተራዘመ ምጥ ቧንቧውን አሳጥሮ ጠባሳ ስለሚተውበት፣ ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላም ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች አሉ። በጠባሳ የደረቀ አካል መሙያውን እንደ ጤናማው አይቀበልም። ስለዚህ መርፌው ከመታሰቡ በፊት ፊኛው ባለ ቀለም ውሃ ተሞልቶ ቀዳዳው በእርግጥ መዘጋቱ ይፈተሻል።