ቃል የሌለው ሸክላ ምን ይላል? የእማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖና የተሰወረው ታሪክ

ከዳላስ፣ ቴክሳስ

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ ግን ብቅል አላስፈለጋቸውም። ሆዳቸው ያባውን በፒያኖ አወጡት፤ ያውም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ዘፈን የለበትም፣ ግጥም የለበትም። ያለው ፒያኖና አምስት አርእስት ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ቃል የሌለው ሙዚቃ ታሪክ ሊናገር ይችላል? ይችላል ካልንስ የማንን ታሪክ?

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እማሆይ ማርች 26 ቀን 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። ሙዚቃቸው ግን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ዓለምን እየዞረ ነው። በ2020 «ታይም» በተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ በ2021 ደግሞ «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ ተሰምቷል። እዚህ ዳላስና ፎርት ዎርዝ፣ በጋርላንድም በሪቻርድሰንም ያሳደግናቸው ልጆች ብዙዎቹ የእማሆይን ስም የሚሰሙት ከእኛ አፍ ሳይሆን ከፊልምና ከፈረንጅ ጋዜጣ ነው። ከስሙ ጋር አብሮ የሚመጣው ትረካም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የመኳንንት ልጅ ነበረች፣ ለንደን ሄዳ እንዳትማር ተከለከለች፣ ልቧ ተሰበረ፣ መነኮሰች፣ ኀዘኗን በፒያኖ አለቀሰች።

ይህ ትረካ ሐሰት ነው አልልም። የምለው፣ ሕይወታቸውን እንጂ ሸክላቸውን አላነበበም ነው። ሸክላው ራሱ የሚናገረው ሌላ ታሪክ አለ፤ እሱም ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይርቅ ታሪክ ነው።

ሕይወታቸው ባጭሩ

የልጅነት ስማቸው የውብዳር ገብሩ ነው። የተወለዱት በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. (ዲሴምበር 12 ቀን 1923) አዲስ አበባ ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ በ1919 ወደ አሜሪካ ከመጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ልዑካን ቡድን አባላትም አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቫዮሊን የጀመሩትም እዚያ ነው። ስንዱ ገብሩ በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት እኚያው ስንዱ ገብሩ ናቸው።

በ1933 አገራቸው ተመለሱ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ገባ። በ1937 ቤተሰቡ ተግዞ በመጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተወሰደ። የዛሬዋ «ልዕልት መነኩሲት» ያኔ የጦር እስረኛ የሆነች የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከቤተሰቡም ሦስት ሰዎች በጣሊያኖች ተገድለዋል።

ከድል በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ኮንቶሮቪች ኋላ አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል የመሩት ሰው ናቸው። ቀጥሎ የለንደኑ ትምህርት ዕድል መጣ፤ ተከለከለ። የውብዳር ለዐሥራ ሁለት ቀን ያህል እህል አልቀምስ አሉ። ለሞት ሲቃረቡ ቆረቡ፤ ተርፈው ግን ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ፣ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው መነኮሱ፣ ፅጌ ማርያም ተባሉ። እዚያም ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ማን እንደከለከላቸው ሲጠየቁ ስም አልጠሩም፤ ለእግዚአብሔር ፈቃድ ሰጥተው አለፉት።

ልብ በሉ! ባለቤቲቱ የዘጉትን በር የሚያንኳኳው ሌላው ሰው ሁሉ ነው። እሳቸው ግን ሌላ በር ከፍተው ትተዋል፤ ሸክላውን።

አምስቱ አርእስቶች

የመጀመሪያው ሸክላ አርእስቶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ እንዲህ ናቸው፦ ቤት አልባው ተንከራታች፣ የሟች የመጨረሻ እንባ፣ የወጣቷ ልጃገረድ እሮሮ፣ የእብዱ ሳቅ፣ በመጨረሻም ልብ አስቀድሞ ሲያውቅ የሚሰማው ስሜት።

አንድ በአንድ ስናያቸው የተበታተኑ ይመስላሉ። አብረን ስናነባቸውስ? ቤት የሌለው፣ ሟች፣ የምታማርር ልጃገረድ፣ እብድ። እነዚህን ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ የት ነው የምናገኛቸው? ቤተ መንግሥት አይደለም። ለንደን የኮንሰርት አዳራሽም አይደለም። ያገራችንን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይመልሰዋል። ከደጀ ሰላሙ ሥር መጠለያ ያጣው ተኝቷል። ሬሳ ለፍትሐት ይገባል። ሥዕለት ያላት ልጅ ግንቡን ተደግፋ ለእመቤታችን ትነግራለች። እብዱ ለጠበል መጥቶ ይስቃል። አምስተኛው አርእስት ደግሞ ሰው አይደለም፤ የሚያይ ልብ ነው። ይህን ሁሉ ቆማ የምታይ መነኩሲት ልብ ነው ብል ከአርእስቱ ብዙ አልራቅሁም።

ስለዚህ በበኩሌ ይህን ሸክላ እንደ አንድ ወጥ ሥራ ነው የማነበው። የተሰወረው ታሪክ የአንዲት ልጃገረድ የተሰበረ ሕልም ሳይሆን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ውሎ ነው።

የቆሎ ተማሪው

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ የሙዚቃ ሊቅ አይደለሁም። በእኛ ሙያ ከሚታየው ውጤት ተነስቶ ወደ ምክንያቱ መሄድ የዘወትር ሥራ ነው። ችግሩ አንድን ውጤት ብዙ ምክንያት ሊያመጣው መቻሉ ነው። ስለዚህ «ይመስለኛል» አይበቃም፤ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ማስረጃ ያስፈልጋል። አለ ወይ? አለ።

እማሆይ ከግሸን ከተመለሱ በኋላ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። እዚያ በየቀኑ የሚያዩት የአብነት ተማሪውን ነበር። የቆሎ ተማሪ ሕይወት ለአንባቢዬ እንግዳ አይደለም፦ ደበሎ ለባሽ፣ አኩፋዳ አንጋች፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የሚለምን፣ ማታ ደጅ የሚያድር፣ ሌሊት ዜማውን የሚቀጽል። ከአገሩ ወጥቶ ከመምህር ወደ መምህር የሚንከራተት ልጅ ነው። እማሆይ እነዚህን ልጆች ሲያዩ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ሙዚቃ ነበር። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ ሸክላው ሲታተም ገቢው ለችግረኞች መርጃ ዋለ።

እንግዲህ አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ለችግረኞች መርጃ የታተመ ሸክላ፤ የመጀመሪያው አርእስት ቤት አልባው ተንከራታች። ይህ እንዲያው መገጣጠም ነው? አይመስለኝም። ሥራው የተሠራላቸው ሰዎች የሥራው ባለታሪኮችም ናቸው።

ፒያኖው ራሱ ምን ይላል?

ሦስተኛው ማስረጃ ከድምፁ ነው። ፒያኖ ቁጡብ መሣሪያ ነው፤ የእያንዳንዱ ቁልፍ ድምፅ አስቀድሞ ተወስኗል። መሲንቆ ወይም የሰው ጉሮሮ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ሲሄድ፣ ፒያኖ መዝለል አለበት። እማሆይ ግን ዋናውን ድምፅ ከመምታታቸው በፊት አጠገቡ ያሉትን ቁልፎች እንደ ብልጭታ ነካ ነካ ያደርጋሉ። ጆሮ ዝላዩን አይሰማም፤ የሚሰማው የካህን ጉሮሮ ሲርገበገብ ነው።

ምቱስ? ሜትሮኖም የሚባለውን የምት መቁጠሪያ አብሬ ላስኬደው ሞክሬ ነበር። ጥቂት ይሄዳል፣ ከዚያ ይለያያሉ፤ ፒያኖው ቆም ይላል፣ ይሮጣል፣ ደግሞ ይተነፍሳል። የአጨዋወት ስሕተት እንዳይመስላችሁ፤ ዜማ የሚቆጠረው በትንፋሽ እንጂ በሰዓት አይደለም። ማኅሌት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

ፈረንጆች ይህንን ሲሰሙ ብሉዝ ነው፣ ጃዝ ነው፣ የፈረንሳይ ክላሲክ ነው ይላሉ። በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኤትዮፒክስ» ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ሆኖ መውጣቱም ከእነ ሙላቱ አስታጥቄ ጎን አስቀመጣቸው። እሳቸው ግን የጃዝ ሰው አልነበሩም። በአንድ እጃቸው የአውሮፓ ክላሲክ፣ በሌላው ያሬድ ነበር። ደግሞ ግሸን የት ነው ያለችው? አምባሰል ውስጥ። አምባሰል ማለት ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም ነው፤ የሌላው ቅኝት ስም የሆነችው ባቲም እዚያው ወሎ ናት። ዐሥር ዓመት በቅኝት አገር የኖረች ሴት ብሉዝን ከሚሲሲፒ ማምጣት አያስፈልጋትም።

ይህን ንባብ የሚቃወም ምን ይላል?

«እብዱ ሳቀ፣ ልጃገረዷ አማረረች የሚለው አርእስት የአውሮፓ ሮማንቲክ ልማድ ነው፤ ሹማንና ሌሎችም እንዲህ ያለ ስም ለፒያኖ ሥራዎቻቸው ሰጥተዋል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። እማሆይ የስዊዘርላንድና የኮንቶሮቪች ተማሪ ናቸው፤ ቅርጹን ከዚያ ተምረዋል። ግን ቅርጽ ማለት አቁማዳ ነው፤ እህሉ ከየት መጣ ብለን መጠየቃችን አይቀርም።

«የራሳቸው ኀዘንስ የለበትም?» የሚልም አለ። ይኖርበታል እንጂ! በዐሥራ ሦስት ዓመቷ የተጋዘች ልጅ መንከራተትን ከመጽሐፍ አልተማረችውም። ዐሥር ዓመት በባዶ እግሯ የሄደች ሴት ድኻውን ከሰገነት ላይ ሆና አላየችውም። ነገሩ የሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ ደጅ ያደረው ተማሪ ነው፣ ወርቁ ደግሞ ተማሪው ውስጥ ራሷን ያየችው መነኩሲት። የፈረንጁ ትረካ ጉድለት ሰሙን ጥሎ ወርቁን ብቻ መሻቱ ነው። ሰም የሌለው ቅኔ ግን ቅኔ አይባልም።

እኛም የራሳችን ፈተና አለብን። ፖለቲካ የማይሸተን ነገር ስለሌለ፣ እያንዳንዱን ዜማ ስለ ንጉሡ ነው፣ ስለ ደርግ ነው እያልን መተርጎም ይቀናናል። የመጀመሪያው ሸክላ የወጣው ደርግ ከመምጣቱ ከሰባት ዓመት በፊት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ትርጓሜ ገደብ ከሌለው ትርጓሜ አይደለም፤ ምኞት ነው።

በመጨረሻ ቃል መጣ

አሁን ደግሞ ንባባችንን የምንፈትንበት ነገር አግኝተናል። እማሆይ ካረፉ በኋላ በ2024 «ሱቬኒርስ» የተባለ አልበም ወጣ። ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት በቤታቸው ራሳቸው በካሴት የቀዷቸው መዝሙሮች ናቸው፤ እዚህ ላይ ፒያኖ ብቻ ሳይሆን ድምፃቸውም አለ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ደብረ ገነት ገዳም፣ ለመኖር የሄዱትም በዚያው ዘመን ነው። ቃል ሲያገኙ ስለምን ዘመሩ? ስለ ተከለከለው ለንደን? አይደለም። ስለ አገር፣ ስለ መለየት፣ በሰው አገር ስላለ ሰው፣ አገርን ስላለመርሳት።

ስለዚህ በ1967 ያለ ቃል የጀመረው ተንከራታች ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ቃል አወጣ፤ ያው ተንከራታች ነው። ያን ጊዜ ደጅ የሚያድር ተማሪ ነበር፣ አሁን ከአገሩ የወጣው ሁሉ ሆነ። ማለት እኔና እናንተ።

ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል? እዚህ በየአጥቢያችን ቆመው የሚቀድሱልን ካህናትና መሪጌቶች ብዙዎቹ በአኩፋዳ መንገድ ያለፉ ናቸው። ልጆቻችን ግን አኩፋዳ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ የእማሆይን ፒያኖ ደግሞ በስልካቸው ያዳምጣሉ። ሁለቱ አንድ ታሪክ መሆናቸውን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የፊልም ሠሪ ወይም የፈረንጅ ጋዜጠኛ እስኪሆን መጠበቅ የለብንም። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ፀበል ጻዲቁ ሲበላ አንድ መሪጌታና አንድ ፒያኖ የሚማር ልጅ አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ፣ ዜማውን አንዱ በጉሮሮ፣ ሌላው በቁልፍ ቢሞክሩት፣ ከዚህ ረጅም ጽሑፍ የበለጠ ያስተምራል። የአብነት ተማሪውም ዛሬም አለ፤ ዛሬም ይርበዋል። ሸክላውን የሚወድ ሰው ሸክላው የታተመለትን ልጅ ቢያስታውስ የእማሆይን ሥራ በትክክል አነበበው ማለት ነው።

ቸር ይግጠመን።