የደም ባለቤትና የሞት ፍርድ

ነፍሰ ገዳይ በሞት እንዲቀጣ የሚያዝዝ ሕግ በብዙ አሕዛብ ዘንድ ጥንታዊ ነው። ነገር ግን ታሪኩ ሲመረመር፥ ገዳይ ይሙት ወይስ ይኑር ከሚለው ጥያቄ ጋራ፥ ምሕረት የማድረግ ሥልጣን የማን ነው የሚለውም ጥያቄ አብሮ ይገኛል።

በአቴና ድራኮን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ621 ዓመት ገደማ ባወጣው ሕግ፥ ሳያስብ ሰው የገደለ ስደተኛ ይቅርታ የሚያገኘው የሟች አባት፥ ወንድሞችና ልጆች ሁሉም ሲስማሙ ነበረ፤ አንዱ እንቢ ቢል የእርሱ ቃል ይጸናል። በእስልምና ሕግም የሟች ወራሾች ገዳዩ በቂሳስ እንዲሞት መጠየቅ፥ ዲያ የሚባለውን የደም ዋጋ መቀበል፥ ወይም በነጻ ይቅር ማለት ይችላሉ።

በኢትዮጵያም በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ነፍሰ ገዳይን በሞት ይቀጣል። አፈጻጸሙ ግን የአገሩን ልማድ ይከተል ነበረ። ይኸውም ከፍርድ በኋላ ገዳዩ ለሟች ወገኖች ይሰጣል፤ እነርሱም ሟች በተገደለበት ዓይነት መሣሪያ ይገድሉታል፥ አለዚያም በሽማግሌዎችና በካህናት ምልጃ የደም ዋጋ ተቀብለው ይታረቃሉ።

ማዕከላዊው መንግሥት በጠነከረ ጊዜ ይህ ምርጫ ከደም ባለቤት እጅ ወጣ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ሳያጸኑት የሞት ፍርድ እንዳይፈጸም ደነገገ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ማጽናቱን ለርእሰ ብሔሩ ሰጠ። ሆኖም ከፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ እንኳ በየገጠሩ ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ይቀመጣሉ። መንግሥት ገዳዩን ይቀጣል፤ የሁለቱን ወገኖች ቂም የሚያበርደው ግን እርቅ ነውና።