አየር የማይዝ የብስክሌት ቱብለስ ጎማ

ቱብለስ የሚባለው የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ የለውም። አየሩን አምቀው የሚይዙት ጎማው፣ ቸርኬው፣ በቸርኬው ወለል ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር፣ ቫልቩና ውስጥ የሚጨመረው የማሸጊያ ፈሳሽ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ጎማው አድሮ ተንፍሶ ይገኛል። በቀናት ውስጥ ጥቂት አየር መቀነስ ግን ብልሽት አይደለም፤ በተለይ ጠባብ የመንገድ ጎማ ቶሎ ቶሎ መነፋት ይፈልጋል።

የፈረንሳዩ ማቪክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለተራራ ብስክሌት ያቀረበው ዩኤስቲ የተባለ ሥርዓት የቸርኬው ወለል ድፍን ስለነበር ፕላስተር አያሻውም ነበር። ዛሬ የሚበዛው ቸርኬ ወለሉ ላይ የሽቦዎቹ መያዣ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ፕላስተሩ የሚለጠፈው እነዚህን ለመድፈን ነው፤ ጎማውን የሚያስተነፍሰውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ጥገናው በፍለጋ ይጀምራል። ጎማው ይነፋና የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አየር የሚወጣበት ቦታ አረፋ ይሠራል። ይሁን እንጂ አረፋ የታየበት ቦታ ሁልጊዜ የብልሽቱ ቦታ አይደለም። በፕላስተሩ ሥር የሾለከ አየር በቸርኬው ባዶ ሆድ ውስጥ ዞሮ ከብልሽቱ ርቆ በአንዱ ሽቦ ሥር ወይም በቫልቩ ዙሪያ ብቅ ሊል ይችላል። በሽቦ ሥር አረፋ ከታየ ተጠርጣሪው ፕላስተሩ ነው፤ ተቀዷል፣ ተነሥቷል ወይም ለቸርኬው ጠቦታል። በዚህ ጊዜ ፈሳሽ እየጨመሩ መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው። አሮጌው ፕላስተር ይላጣል፣ ወለሉ በአልኮል ይጸዳል፣ በደንብ ይደርቃል። አዲሱ ከቸርኬው የውስጥ ስፋት በ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ሆኖ፣ በኃይል እየተወጠረ ይጠመጠማል፤ ጫፎቹም ይደራረባሉ። የቫልቩ ቀዳዳ በምላጭ ሳይሆን በወስፌ ቢበሳ ይሻላል፤ የምላጭ ቅድ እየሰፋ ይሄዳልና።

ቫልቩ ራሱ የሚያስወጣ ከሆነ ብሎኑን በእጅ ማጥበቅ፣ የደረቀ ፈሳሽ የደፈነውን የውስጥ መርፌውንም አውጥቶ ማጽዳት ይበቃል። በጎማው ጠርዝና በቸርኬው መካከል ለሚያፈስ ደግሞ የደረቀውን የማሸጊያ ፈሳሽ ፍቆ፣ ጠርዙን በሳሙና ውሃ አለስልሶ፣ የቫልቩን መርፌ አውጥቶ በኮምፕሬሰር በአንድ ጊዜ መንፋት ነው። ጠርዙ ቦታውን ሲይዝ ጮክ ያለ ድምፅ ያሰማል። ሲነፋ በጎማው ጎንና በቸርኬው ላይ የተጻፈው ግፊት መታለፍ የለበትም፤ የጎማውን ጠርዝ የሚይዝ መንጠቆ የሌለው ቸርኬ ከ5 ባር በላይ አይነፋም።

የማሸጊያ ፈሳሹ በአብዛኛው ላቴክስ ያለበት ስለሆነ በወራት ውስጥ ይደርቃል፤ በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። እንደ ጎማው ስፋት ለመንገድ ብስክሌት ከ30 እስከ 60፣ ለተራራ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨመራል፤ ጠርሙሱ አስቀድሞ በደንብ ይናጣል። ትንሽ የእሾህ ቀዳዳን ፈሳሹ ራሱ ይዘጋል። ለሰፋ ቀዳዳ የጎማ ክር ይወተፋል፣ ወይም ከውስጥ በማስቲሽ ይለጠፋል። ጎኑ በሰፊው የተቀደደ ጎማ ግን መቀየር አለበት።

መንገድ ላይ ምንም አልይዝ ካለ ቫልቩ ይወጣና ከመነዳሪ ይገባል። ከዚያ በፊት የጎማውን ውስጥ በጥንቃቄ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ፈሳሹ ዘግቷቸው የቆዩ እሾሆች ጫፋቸው ወደ ውስጥ እንደወጣ ሊገኝ ይችላል፤ አዲሱንም ከመነዳሪ ወዲያው ይበሱታል።