በዕድሜ ለገፉ ሠራተኞች የሥራና የሥልጠና ዕድል በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በአዳማ፣ በሞጆና በባቱ ስለ ሥራ ዕድል ሲወራ ወጣቱ ይታሰባል፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሠራተኛ እምብዛም አይነሣም። አካባቢው ግን ነባር የፋብሪካ ሠራተኛ ያፈራ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ ኩባንያ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም ሲሆን፣ የሸዋ ፋብሪካ በ1955 ዓ.ም ተከተለ። አገዳ ቆራጩም መካኒኩም ልጆቹን እዚያው አሳድጎ እዚያው አርጅቷል። በ2000ዎቹ ዓመታት ሁለቱ ነባር ፋብሪካዎች ተዘግተው በአዲስ ሲተኩ፣ የአሮጌው ማሽን ዕውቀት ዋጋው ቀነሰ።

የወንጂ ነባር ሠራተኛ ሌላም ሸክም አለበት። የአካባቢው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ለብዙ ዓመታት የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ አከርካሪውና መገጣጠሚያው ይደርቃል። ሐኪሞች ይህን በወንጂ ሠራተኞች ላይ ካጠኑ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለዚህ ጎንበስ ማለት ያቃተውን ሠራተኛ በስንፍና መጠርጠር አግባብ አይደለም፤ ሥልጠናም ሲታሰብ ሸክም የሌለበትን ሙያ ማስቀደም ይገባል።

በ2011 ዓ.ም የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎችም ሆኑ የባቱ የአበባ እርሻዎች በአብዛኛው የሚቀጥሩት ወጣት ሴቶችን ነው። ለአንጋፋው የሚሻለው መንገድ ያለውን ሙያ ማስመስከር ይመስላል። ብየዳ፣ ግንበኝነት ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ በልምድ የተማረ ሰው፣ ኮሌጅ ባይገባም ለሙያ ብቃት ምዘና ሊቀርብ ይችላል። ምዘናው ከተግባር ሌላ የጽሑፍ ፈተናም አለው፤ ብዙ አንጋፋ ባለሙያ የሚፈራውም ይህንኑ ነው።

ከሥራው እኩል የሚያሳስበው ጡረታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ለግል ድርጅት ሠራተኛ አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው፤ የዘወትር አበል ለማግኘትም ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ53 ዓመቱ አዲስ የተቀጠረ ሰው 60 ሲሞላው የሚኖረው 7 ዓመት ብቻ ነው። የቀድሞ አገልግሎቱ ካልተቆጠረለት የሚደርሰው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ እንጂ የወር አበል አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ በግል ድርጅት መዋጮ የተከፈለበት ዘመን ስለሚደመር፣ የቅጥር ደብዳቤን፣ የሥራ ልምድ ማስረጃንና የጡረታ መለያ ቁጥርን ማስቀመጥ ያሻል። ዕድሜም የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በተመዘገበው የልደት ቀን ነው።