«አንተ የሚለው ማንን ነው?» - ከኮድ ውስጥ የወጡ ቃላት ታሪክ

ዛሬ የምቀዳው ከቤት ሳይሆን ከአሽዶድ ማሪና ነው። ከጀርባዬ የምትሰሙት ኳኳታ የጀልባዎቹ ገመድ ምሰሶውን ሲመታ ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ። የዛሬው ታሪክ ሊብግሌድ ስለሚባል አንድ ትንሽ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ስሙን ሰምታችሁ ካላወቃችሁ አይግረማችሁ፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ አልሰማሁም ነበር።

መጀመሪያ ግን ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ አማርኛ በደንብ ታነባለች። በኡልፓን የተማረችው ዕብራይስጥ ግን ለሰላምታና ለገበያ ቢበቃም ለስክሪን አይበቃትም። ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ የቤታችን አስተርጓሚ እኔ ነኝ። «ነይ እስቲ ልጄ፣ ይሄ ምን ይላል?» ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ አይደል? አንድ ቀን እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ፣ ብቻዋን አንድ ማሽን ፊት ቆማ የተሳሳተ ቁልፍ ነካችና ስንት ጊዜ የጠበቀችው ቀጠሮ ተሰረዘባት። ማታ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ያፈረችው እሷ ነበረች። እኔን ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ፦ ቁልፉ ላይ በአማርኛ «መሰረዣ» ብሎ መጻፍ ይህን ያህል ከባድ ነው እንዴ?

ታሪኩን ስከታተል ያገኘሁት ይህን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጊምፕ የሚባለውን የሥዕል ፕሮግራም ሠሩ። ለመስኮቶቹና ለቁልፎቹ ደግሞ ጂቲኬ የሚባል መሣሪያ አዘጋጁ። በ1997 ሚጌል ደ ኢካዛና ፌደሪኮ ሜና በዚያ መሣሪያ ላይ ግኖምን ጀመሩ፤ ማንም በነፃ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል የኮምፒውተር ገጽታ ማለት ነው።

ችግሩ አድካሚነቱ ነበር። አንዲት ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ ለማዛወር ፕሮግራመሩ ኮዱን ከፍቶ መጻፍ፣ ከዚያም ፕሮግራሙን እንደገና ማጠናቀር ነበረበት። ዴመን ቻፕሊን የተባለ ሰው ግሌድን ሠራ፤ መስኮቱን በማውስ እየሣሉ ማዘጋጀት ተቻለ። ቀጥሎ አውስትራሊያዊው ጄምስ ሄንስትሪጅ ሊብግሌድን ጻፈ። የመስኮቱ ንድፍ ኮዱ ውስጥ መቅረቱ ቀረና ለብቻው በአንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ተቀመጠ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ሊብግሌድ ፋይሉን ያነባል፣ መስኮቱን እዚያው ይሠራል፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ከሥራው ጋር ያገናኛል። ቤቱን ሳያፈርሱ በሩን እንደመቀየር ነው።

እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። በፋይሉ ውስጥ ከየጽሑፉ አጠገብ «ይህ ይተረጎማል» የሚል ምልክት ይደረጋል። እነዚያ ቃላት ተሰብስበው በዝርዝር ይወጣሉ፤ ተርጓሚው ከእንግሊዝኛው ሥር የራሱን ቋንቋ ይጽፋል፤ አለቀ። ፕሮግራመር መሆን አያስፈልገውም። ዕብራይስጥ ሲመረጥ ደግሞ መስኮቱ በሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል፤ አማርኛው ረዘም ካለ ቁልፉ ራሱ ይሰፋለታል።

ግን ፊደላችን ከሌለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? በ1980ዎቹ እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢንጂነሮች ግዕዝን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝባዝንኬ ይሆን ነበር። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን ቋሚ ቦታ ሰጠው። በ2002 ሁለተኛው ጂቲኬ በዩኒኮድ መሠረት ሲወጣ፣ ከጽሕፈት ምርጫዎቹ መካከል አማርኛና ትግርኛ ነበሩበት። በዚያው ዓመት ዳንኤል ያዕቆብ የሚሠራበት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጃቸው የግኖም የአማርኛ ትርጉሞች መታየት ጀመሩ። ከእነዚያ ፋይሎች አንዱን ስከፍት ዓመተ ምሕረቱን አይቼ ደነገጥኩ። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ሰው ለእናቴ ቁልፍ ሲጽፍላት ነበር ማለት ነው።

አንድ ፋይል ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ፤ በኩራት «ክፈት፣ አስቀምጥ፣ ሰርዝ» ብዬ ተረጎምኩላት። ሳቀች። «አንተ የሚለው ማንን ነው? እኔ ወንድ ነኝ? ደግሞስ ትልቅ ሰው እንዲህ ይታዘዛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው! እንግሊዝኛው ጾታም ሆነ አክብሮት አይለይም፤ የኛ ቋንቋ ግን ይለያል። ቁጭ ብለን አወጣን አወረድንና «መክፈቻ፣ ማስቀመጫ፣ መሰረዣ» አልን። ማንንም አያዝም፣ ማንንም አይደፍርም። ኮዱን አንድ መስመር አልነካንም። ያን ቀን አስተርጓሚዋ እሷ ነበረች፤ እኔ ጸሐፊዋ።

ሊብግሌድ ራሱ ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። በ2007 ጂቲኬ ቢልደር የሚባል ተተኪ በጂቲኬ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ተረከበው። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ በስልካችሁ ያሉት መተግበሪያዎችም ብዙዎቹ ቃላቸውን ከኮዱ ለይተው ነው የሚያስቀምጡት።

እናቴ ፊት የቆመው ማሽን ነፃ ሶፍትዌር ላይሆን ይችላል፤ ያንን ከፍተን መተርጎም አንችልም፣ ባለቤቱን መጠየቅ ነው ያለብን። ስንጠይቅ ግን «ቴክኒኩ ከባድ ነው» የሚል መልስ ከመጣ አትቀበሉት። ከሃያ ዓመት በፊት የተፈታ ነገር ነው። ነፃ በሆነው በኩል ደግሞ በሩ ክፍት ነው። የሚጎድለው እንግሊዝኛውን የሚያነብ ልጅና አማርኛውን የሚያውቅ ወላጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ነው።

እስቲ በዚህ ሳምንት አንድ ቁልፍ ወላጆቻችሁን ጠይቁ፦ «ይሄን በአማርኛ ምን እንበለው?» የሚሏችሁን ላኩልኝ። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።