«ዶክተር፣ ስንት ዓመት ይቀረኛል?»

ካንሰር እንዳለበት የተነገረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀን ይህንን ነው። ለመሆኑ ሐኪሞች የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ከየት መጡ?

እ.ኤ.አ. በ1662 የለንደኑ ነጋዴ ጆን ግራውንት የከተማዋን የሟቾች መዝገብ አጥንቶ መጽሐፍ አሳተመ። በ1693 ደግሞ በስሙ በተጠራው ጅራታም ኮከብ የምናውቀው ኤድመንድ ሃሌይ፣ ከብሬስላው ከተማ መዝገብ ተነስቶ በየዕድሜው ስንት ሰው በሕይወት እንደሚቆይ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሠራ።

በሕክምና ጥናት ግን አንድ ችግር ነበር። አንዳንዱ ታካሚ ክትትሉን ያቋርጣል፤ ጥናቱም ብዙዎቹ በሕይወት እያሉ ያበቃል። እነዚህን «ሞተዋል» ማለትም «ድነዋል» ማለትም ስህተት ነው።

መፍትሔው በ1958 ታተመ። ኤድዋርድ ካፕላን የሚያጠናው በባሕር ሥር የስልክ ገመድ ላይ የሚገጠሙ ቫኪዩም ቱቦዎችን ዕድሜ ነበር፤ ፖል ማየር ደግሞ የካንሰር ሕመምተኞችን። ሁለቱ በየፊናቸው ተመሳሳይ ጽሑፍ ለአንድ መጽሔት ላኩ። በጋራ እንዲጽፉ ተመከሩ፤ ልዩነታቸውን ለማስታረቅም አራት ዓመት ያህል ፈጀባቸው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ከ10 ሕመምተኞች በመጀመሪያው ዓመት 2 ሞቱ፤ 80 በመቶው ተረፉ። በዓመቱ መጨረሻ 4 ሰዎች ከክትትል ጠፉ። ሁለተኛው ዓመት የሚሰላው በቀሩት 4 ላይ ብቻ ነው፤ 1 ቢሞት 75 በመቶው ተረፉ። ሁለቱን ስናባዛ 60 በመቶ ይሆናል። የጠፉትን እንደ ሞቱ ብንቆጥር ግን 30 በመቶ ብቻ እንል ነበር!

በ1972 እንግሊዛዊው ዴቪድ ኮክስ ዕድሜን፣ የበሽታውን ደረጃና የሕክምናውን ዓይነት አንድ ላይ አገናዝቦ የሚያወዳድር ዘዴ ጨመረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይያዙልኝ፦

1. «ግማሾቹ ሕመምተኞች ሁለት ዓመት ይቆያሉ» ከተባሉ፣ ሌሎቹ ግማሾች ከዚያ በላይ ይኖራሉ ማለት ነው፤ ጥቂቶቹም እጅግ ረጅም ጊዜ። ቁጥሩ የብዙ ሰዎች ታሪክ እንጂ የእርስዎ ቀን አይደለም።

2. ስሌቱ የሚሠራው የጠፉት ሰዎች ከቀሩት የተለዩ ካልሆኑ ነው። ሕመም ስለጠናባቸው ከቀሩ ቁጥሩ ያሳስተናል። ስለዚህ ስልክ ወይም ሆስፒታል ሲቀይሩ ያሳውቁን፤ ለራስዎም ሕክምና፣ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣውም ይጠቅማል።

 ለሚጠቅመው ሰው ያጋሩ።