ክንፍ፣ ጥፍር፣ ሥጋ

አባቴ 30 ዓመት ሙሉ በመንገድ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ነበር። በቆላው ፀሐይ ድንጋይ ሲያስፈልጥ፣ ጠጠር ሲያስደለድል ከርሞ ጡረታ ሲወጣ ሁለት ነገር ይዞ ቤቱ ገባ። አንዱ የምስክር ወረቀት፣ ሌላው በግራ ዓይኑ ላይ የበቀለ ሥጋ። ሥጋው በአፍንጫው በኩል ካለው የዓይኑ ማዕዘን ተነሥቶ፣ ቀያይ የደም ሥሮቹን እየጎተተ፣ ወደ ጥቁሩ የዓይኑ ክፍል ሾልኮ ገብቶ ነበር።

አንድ ክሊኒክ ሄዶ አስቆረጠው። በዓመቱ ተመልሶ በቀለ። ደግሞ አስቆረጠው። አሁን ግን ከበፊቱ ወፍሮና ቀልቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት ሂድ ባልነው ቁጥር “ተዉኝ እባካችሁ፤ ይሄ ሣር ነው፤ ባጨዱት ቁጥር ይበቅላል” ይለን ነበር። እስኪሞት ድረስም ጋዜጣውን የሚያነበው በአንድ ዓይኑ ነበር።

ዘንድሮ ጢሜን ስላጭ በመስታወት ውስጥ ያንኑ ነገር በራሴ ዓይን ላይ፣ በዚያው ማዕዘን አየሁት። ላስቆርጠው ወይስ ልተወው? ከመወሰኔ በፊት የዚህን ሥጋ ታሪክ ላገላብጥ ብዬ ተነሣሁ። ያገኘሁትም የአባቴን ታሪክ ነው። የሰው ልጅ ይህን ሣር ሲያጭድ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎታል።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። እኛ “ሥጋ በቀለበት” እንላለን። ግሪኮች ወደ መሐል የሚሾል ሦስት ማዕዘን መሆኑን አይተው “ፕቴሪጊዮን”፣ ትንሽ ክንፍ አሉት፤ የዛሬው ሕክምና ፕቴሪጂየም የሚለው ከዚያ ወርሶ ነው። ሮማውያን “ኡንጉዊስ”፣ ዐረቦች ደግሞ “ዘፈራ” ብለውታል። ሁለቱም ከጥፍር የመጡ ስሞች ናቸው። የሰፈራችን ሰው ግን ለአባቴ “ሞራ ነው” ይለው ነበር፤ ይህ ስሕተት ነው። የዓይን ሞራ ግርዶሽ የሚባለው በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። ሥጋው የሚበቅለው በዓይን ላይ፣ በውጭ በኩል ነው። ነጩን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ድንበሩን ተሻግሮ ሐኪሞች ኮርኒያ በሚሉት መስታወት መሰል ክፍል ላይ ይወጣል። ሲገፋ ኮርኒያውን ይጎትትና ቅርጹን ያዛባዋል፤ እይታም ይንሻፈፋል። መሐል ከደረሰ ብርሃኑን ይጋርዳል።

ስለ ቆረጣው ከጻፉት ጥንታውያን አንዱ የህንዱ ሐኪም ሱሽሩታ ነው። በእርሱ ስም በሚታወቀው መጽሐፍ ሥጋው በተፈጨ ጨው ከተቆጠቆጠ በኋላ በመንጠቆ ተይዞ፣ በክር ተስቦ እንዲቆረጥ ያዝዛል። ከማዕዘኑ አብዝተው ቢቆርጡ ጉዳት አለው፤ አሳንሰው ቢቆርጡ ደግሞ ፈጥኖ ይመለሳል ሲልም ያስጠነቅቃል። ይመለሳል የሚለው ቃል ያን ጊዜም አለ።

በ1ኛው መቶ ዓመት የሮማው ጸሐፊ ኬልሱስ ይህንኑ ሥራ በዝርዝር ጽፎታል። በሽተኛው ጭንቅላቱን በሐኪሙ ጭን ላይ ያሳርፋል፤ ሥጋው በመንጠቆ ይነሣል፤ ክር ያለው መርፌ በሥሩ ያልፋል፤ ከዚያ በስለት እየተፈለቀቀ ይወጣል። ማደንዘዣ የለም። በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአንዳሉሲያ፣ በኮርዶባ የኖረው አል ዘህራዊም በታላቁ የሕክምና መጽሐፉ ስለ ዘፈራ ቆረጣ ጽፏል። ቋንቋው ተለወጠ እንጂ ነገሩ መንጠቆ፣ ክርና ስለት ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ነገሩ እልህ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1902 አሜሪካዊው ማክሬይኖልድስ “ካልጠፋ ለምን አቅጣጫውን አናስቀይረውም?” የሚያሰኝ ዘዴ አመጣ። የሥጋውን ጫፍ ከኮርኒያው አላቅቆ በታችኛው ሽፋን ሥር ቀበረው። በ1948 ደግሞ አውስትራሊያዊው ዶምብሬይን ሥጋው ተቆርጦ ሥፍራው ገላጣ ሆኖ እንዲተው አስተማረ። ሥራው ቀላልና ፈጣን ስለነበር በዓለም ተሠራጨ። ችግሩ ግን መመለሱ ነው። ኋላ የወጡ ልዩ ልዩ ጥናቶች በዚህ መንገድ ከተቆረጡት መካከል ከ24 እስከ 89 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሥጋው ተመልሶ መብቀሉን መዝግበዋል። አባቴም ብቻውን አልነበረም ማለት ነው።

ሐኪሞቹ መሬቱን ማቃጠልም ሞክረዋል። ስትሮንቲየም 90 በተባለው ንጥረ ነገር ጨረር ሰጡት፤ በ1960ዎቹ ከጃፓን የመጣው ማይቶማይሲን የተባለ የካንሰር መድኃኒትም ተጨመረ። መመለሱን ቀነሱት። ነገር ግን በአንዳንዱ ሰው ላይ፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ነጩ የዓይን ግድግዳ ሳስቶ ተገኘ። ስለዚህ ዛሬ መድኃኒቱ በመጠንና በጥንቃቄ ካልሆነ አይነካም።

መልሱ የመጣው ሁለት ጥያቄ በመጠየቅ ነው። አንደኛው፣ ሥጋው ለምን ይበቅላል? የሚል ነው። ካሜሮን የተባለ ሐኪም በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ በሽታው በምድር ወገብ ዙሪያ፣ በሰሜንም በደቡብም እስከ 37 ዲግሪ ገደማ ባለው ቀበቶ እንደሚበዛ አሳየ። ይህ የፀሐይ ቀበቶ ነው። በ1993 አውስትራሊያዊው ኮሮኔዎ በአፍንጫ በኩል የሚበዛው ለምን እንደሆነ ምክንያት አቀረበ። ከጎን፣ በጆሮ ግንድ በኩል የሚገባው ብርሃን በኮርኒያው ውስጥ ታጥፎ በአፍንጫ በኩል ባለው ድንበር ላይ ይሰበሰባል፤ ኃይሉም እስከ 20 እጥፍ ይደርሳል። ልጆች ሳለን በማጉያ መነጽር ወረቀት እንደምናቃጥለው ያለ ነገር ነው።

አገራችን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ባለው ሥፍራ፣ በቀበቶው መሐል ነው የምትገኘው። ደጋ ነው፣ ይበርዳል ብለን ግን እንታለላለን። አልትራ ቫዮሌት የሚባለው የማይታይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ብርዱ ዓይንን አይከልልም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ከተቆረጠ በኋላ ባዶው ሥፍራ ምን ይሁን? የሚል ነው። በ1985 አሜሪካዊው ኬንየንና ባልደረቦቹ ከዚያው ከበሽተኛው ዓይን፣ ከላይኛው ቆብ ሥር ፀሐይ ካልደረሰበት ቦታ፣ ስስ ሽፋን ቆርጠው ባዶውን በመለጠፍ የሠሩትን አሳተሙ። ከ57 ዓይኖች በ3ቱ ብቻ ተመለሰ፤ አብዛኞቹም ቀድሞ ተቆርጠው የተመለሰባቸው ነበሩ። ዛሬ በየአገሩ የሚመረጠው ይኸው መንገድ ነው፤ በስፌት ፈንታ ከደም በተሠራ ማጣበቂያ የሚለጥፉም አሉ።

አባቴ “ሣር ነው” ሲል አልተሳሳተም። የተሳሳቱት አጭደው መሬቱን ባዶ የተዉት ናቸው።

ታዲያ አንባቢ ሆይ፣ ይህን አንብበው ነገ ወደ ቆረጣ እንዳይሮጡ። ሥጋው ትንሽ ከሆነ፣ እይታን ካላወከ፣ ካላደገ ባይነካ ይሻላል፤ ተመልሶ የሚመጣው ከመጀመሪያው ይብሳልና። መቆረጥ ካለበት ግን መጀመሪያውኑ በዓይን ሐኪም እጅ ተቆርጦ፣ ባዶው ይሸፈን። የተቆረጠውም ይመርመር፤ አልፎ አልፎ ሥጋ የሚመስል የዓይን ካንሰር አለና።

እኔም ሄድኩ። ሐኪሟ የእኔን ለካችው፤ ወደ ጥቁሩ የገባው 1 ሚሊ ሜትር ነው አለችኝ። “አሁን አይቆረጥም። ፎቶግራፍ አንሥቼዋለሁ፤ በዓመቱ ይምጡና እናስተያየዋለን። እስከዚያ ከጎን በኩልም የሚከልል የፀሐይ መነጽርና ሰፊ ባርኔጣ ያድርጉ” ብላ ሸኘችኝ።

ከዚያ ስመለስ የአባቴን ፎቶግራፍ አውጥቼ አየሁት። ባልተጠረገ መንገድ ዳር ቆሞ ዓይኑን በፀሐይ አጨናብሷል። ባርኔጣ አለው፤ ግን በእጁ ነው የያዘው። ለፎቶግራፉ ክብር ሲል አውልቆት ይሁን፣ ወይስ ዘወትር እንዲያ ይይዘው እንደሆነ አሁን የምጠይቀው ሰው የለኝም።